አሥራ አንድ ጊዜ የሞቱት እትዬ

እትዬ ሲሞቱ ያምርባቸዋል። ይህን የምለው ክፋት ኖሮብኝ አይደለም፤ ራሳቸውም የሚኮሩበት ነገር ስለሆነ ነው። በጥይት ሞተዋል፣ በመርዝ ሞተዋል፣ ከፈረስ ወድቀው ሞተዋል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በመጋረጃ ገመድ ታንቀው ሞተዋል። ሲደመር አሥራ አንድ ጊዜ። ሁሉም በቴሌቪዥን ነው፤ ቴሌቪዥን ገና ጥቁርና ነጭ፣ ሳጥኑም ከቁም ሳጥን የሚከብድ በነበረበት ዘመን። እኔ የደረስኩባቸው ከአሥራ አንደኛው ሞት ስንትና ስንት ዘመን በኋላ፣ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ዳር ሚነርቫ ፓርክ በሚባል ሰፈር ባለች ትንሽ ቤታቸው፣ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ሥራዬ እሳቸውን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላትና ከወንበር ማስነሳት ነበር።

ዲቪ ደርሶኝ ኮሎምበስ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ሥራ ቀያይሬያለሁ። ዌርሃውስ፣ ማለትም የዕቃ መጋዘን፣ ገብቼ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ላይ ወረቀት ስለጥፍ እውል ነበር፤ በሁለተኛው ወር ካርቶኖቹን መሳደብ ስጀምር ተውኩት። ሆቴል አልጋ አነጠፍኩ፤ ሱፐርቫይዘሯ አንሶላው ተጨማዷል ስትለኝ «እንግዳው ሊተኛበት አይደል እንዴ?» ብዬ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ሦስተኛውን አልናገርም። ሂልቶፕ በሚባል ሰፈር ቤቷ ያስጠጋችኝ አክስቴ «አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ ሚስማር አለ?» ትለኛለች። እሷ የምትተዳደረው አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው እየሄደች በመንከባከብ ነው። በመጨረሻ ተማርራ እዚያው ኤጀንሲዋ አስገባችኝ። የመጀመሪያው ቀን ስወጣ በር ላይ ቆማ አስጠነቀቀችኝ።

«ስትጠየቂ መልሺ፤ ሳትጠየቂ አፍሽን ዝጊ።»

«ስጠየቅስ ምን ልመልስ?»

«እሱን ነው የፈራሁት» አለች።

በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ዎከራቸውን፣ ያንን ባለ አራት እግር መደገፊያ፣ ግድግዳ አስደግፈው፣ ሊፕስቲክ ተቀብተው፣ አንድ እጃቸውን የበሩ መቃን ላይ ጣል አድርገው ቆመዋል። እጁ የተጣለው ለውበት መስሎኝ ነበር፤ እንዳይወድቁ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ፊታቸውን መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ አዞሩልኝ።

«የቱ በኩል ይሻላል?»

ተጠየቅኩ አይደል? መለስኩ። «ሁለቱም ተሸብሽቧል።»

አራተኛ ሥራዬን ገና ከበሩ ሳልዘልቅ እንዳጣሁት ገብቶኝ ቦርሳዬን ጠበቅ አደረግኩ። ከዚያ ሳቅ ጀመሩ። ስቀው ስቀው ጉልበታቸው ሲከዳቸው ሮጬ ደገፍኳቸውና ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። እንባቸውን እየጠረጉ «ተቀጥረሻል» አሉኝ፤ የቀጠረኝ ኤጀንሲው መሆኑን ረስተውት።

በስማቸው እንድጠራቸው ቢለምኑኝም አልሆነልኝም። እኔ በዘጠና ዓመት ሴትዮ ፊት ቆሜ ስም ባንጠለጥል አያቴ ከመቃብሯ ተነስታ ትቆነጥጠኛለች። «እትዬ» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ፤ ታላቅ ሴት የምትከበርበት መጠሪያ ነው አልኩ። ሁለት ሦስት ጊዜ በአፋቸው አላመጡት። «የመድረክ ስም ይመስላል» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲያነሱ ሁሉ «እትዬ ነኝ» ማለት ጀመሩ። እንግሊዝኛቸው አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነው የማወራቸው፤ ስጽፍም እንደዚያው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በረሃብ አለቁ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ፍሪጁን ከፍተው «ሳንድዊች ልሥራልሽ?» ይሉኛል። «አይ፣ በልቻለሁ» እላለሁ። ፍሪጁ ይዘጋል። እኔ ባደግኩበት ቤት የመጀመሪያው «አይ» ሰላምታ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ጨዋ ቤት ማደግሽን ያሳያል፤ በሦስተኛው ባለቤቲቱ «በሞቴ!» ስትል ተሸንፈሽ ትበያለሽ። አሜሪካ ግን በመጀመሪያው «አይ» ፍሪጁን ይዘጋብሻል። በአራተኛው ቀን ፀጉራቸውን እያበጠርኩ ሳለ ሆዴ እንደ ሲኖትራክ አጓራ።

«ሆድሽ ውሸታም እያለሽ ነው» አሉ።

ነገሩን አስረዳኋቸው፤ መግደርደር የሚባል ነገር እንዳለ፣ እንግዳ ሦስት ጊዜ መለመን እንዳለበት፣ የሚጋብዘውም በራሱ ሞት እንደሚምል። እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። «ሦስት ጊዜ ትሞክሩታላችሁ! እኛ እኮ አንድ ዕድል ብቻ ነበረን!» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳችን ጨዋታ ሆነ። እሳቸው ሳንድዊቹን ይዘረጋሉ፤ እኔ ሁለት ጊዜ እምቢ እላለሁ፤ በሦስተኛው ደረታቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያ አዙረው «በሞቴ!» ይላሉ፤ በሁለት ወር ውስጥ ቃሉን ከአክስቴ በላይ አሳምረው ያዙት። የለመዱት ነገር ነው፣ በሞት መሥራት።

አንድ ዕድል ብቻ ያሉት ቀልድ አልነበረም። የተወለዱት እኛው ሂልቶፕ፣ ከአክስቴ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው፤ አባታቸው ብሮድ ስትሪት ላይ አውቶቡስ ይነዱ ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው እዚሁ ከተማ ያለ አንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ቀጠራቸው። ሥራቸው ማቀዝቀዣ መክፈት ነበር። ሌላ ምንም። ማስታወቂያው በቀጥታ ይተላለፋል፤ እሳቸው ፈገግ ብለው የማቀዝቀዣውን በር ይከፍታሉ፣ ውስጡን በእጃቸው ያሳያሉ፣ ይዘጋሉ። አንድ ቀን በሩ አልከፈት አለ። ቢስቡ ቢስቡ እምቢ። ከተማው ሁሉ እያየ ነው። እሳቸውም በሩን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ለጠፉና፣ ወደ ካሜራው ዞረው «ቤት የሉም፤ ነገ እንመለሳለን» አሉ። በማግስቱ ደብዳቤ በከረጢት መጣላቸው፤ ጣቢያውም ከምሳ በኋላ የሚተላለፍ የራሳቸው ዝግጅት ሰጣቸው። ደብዳቤ ያነባሉ፣ የአየር ጠባይ ይናገራሉ፣ ወጥ ያሳርራሉ።

«የታለ? እንየው» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ዝግጅቱን ነዋ!»

«የለም። ማን ይቀርፀዋል? ከአፌ ሲወጣ አለቀ።»

ዕድሜ ልክ ተሠርቶ ምንም የማይቀር ሥራ እኔ የማውቀው የቤት ጽዳት ብቻ ነበር። እንደዚያም አልኳቸው። «እሱም አንድ ነው፤ ግን ስታጸጂ ሜካፕ አይቀቡሽም» አሉ።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የቀዩ መብራት ወሬ ነው። ካሜራው አናት ላይ ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ ስትበራ አገር ሁሉ አንቺን እያየ ነው ማለት ነው። ያቺ መብራት ስትበራ ጀርባቸው በራሱ ቀጥ ይላል፤ የጥርስ ሕመም ይቆማል፤ ያለቀሱበት ዓይን ይደርቃል። ስትጠፋ ሁሉም ይመለሳል። እናታቸው የታመሙ ቀን እንኳ የአየር ጠባይ ነግረው፣ ስቀው፣ መብራቷ ስትጠፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

ቀጥሎ ካሊፎርኒያ ሄዱ። መገደል የጀመሩት እዚያ ነው። «ለምን ሁልጊዜ እርስዎን?» ብላቸው፣ «ፊቴ ምስጢር የሚያውቅ ሰው ፊት ነው፤ ምስጢር የምታውቅ ሴት ደግሞ ከሁለተኛው ማስታወቂያ በፊት መሞት አለባት» አሉኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሞቱ ሠሩ። የአንድ ቤተሰብ አስቂኝ ድራማ ላይ ሚስት ሆኑ። ስድስት ክፍል ተቀረፀ። ለሚቀጥለው ዓመት ይታደሳል አይታደስም የሚለውን ለመስማት ክረምቱን ሙሉ ስልክ አጠገብ ተቀምጠው ከረሙ፤ ገላቸውን ሲታጠቡ እንኳ በሩን ከፍተው ነው። ስልኩ ጮኸ፤ አልታደሰም። ምክንያቱ እሳቸው ከባልየው በሁለት ጣት መርዘማቸው ነው። ወደ ኮሎምበስ ተመለሱ፣ የመድኃኒት ባለሙያ አገቡ፣ አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተውኔት አስተማሩ። የባላቸውን ሞት በእርጋታ ያወሩልኛል። የዚያን ስልክ ወሬ ሲያነሱ ግን ከንፈራቸው ይጠብቃል።

ከሞታቸው አንዱን ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። ከፈረስ የወደቁበት ነው። ደስ ይላቸዋል ብዬ አቀረብኩላቸው። አፍንጫቸውን ከስልኩ አስጠግተው አዩትና «ጣቴን! ጣቴን ተመልከቺ!» ብለው ጮኹ። እውነትም፣ ሬሳ ከሆኑ በኋላ ትንሿ ጣታቸው ንቅንቅ አለች። ያንን ቀን ሙሉ አኮረፉ።

እንዲህ ስንኖር ገምጋሚ ነርሷ መጣች። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ በየስድስት ወሩ አንድ ነርስ ትመጣና ሰውየው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ትጠይቃለች፤ ተንከባካቢው ስንት ሰዓት ይሥራ የሚለው በእሷ ወረቀት ይወሰናል። እኛ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ነበረን። ነርሷ ወፈር ያለች፣ ጫማዋ የደከመ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። ጫፉ ላይ ትንሽ መብራት በራች።

እትዬ መብራቷን ሲያዩ አየኋቸው። ጀርባቸው ቀጥ አለ።

«ገላሽን ራስሽ ትታጠቢያለሽ?»

«ከአራት ዓመቴ ጀምሮ፣ የኔ ቆንጆ።»

«ልብስሽን ማን ያለብስሻል?»

«ድሮ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ዛሬ ግን ብቻዬን ነኝ።»

ከዚያ ተነሱ! ያለ ዎከር! ወደ ኩሽና ተንሸራተው ሄዱና ሻይ በሁለት እጃቸው ይዘው ተመለሱ። እኔ ከኋላቸው እጄን ዘርግቼ አየሩን ታቅፌ እከተላለሁ። ጠዋት እኮ ካልሲያቸውን ያጠለቅኩላቸው እኔ ነኝ። የልብሳቸውን ቁልፍ የቆለፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ጠብታ ሻይ ሳይፈስ አስቀመጡት።

ነርሷ ስትወጣ በር ላይ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ? ሰዓቱ ይበቃሻል? ተጨማሪ እርዳታ ያስፈልጋል?»

እዚህ ጋ ነው ጉዱ። አፌ የቤተክርስቲያናችንን ፓስተር እንኳ የማይምረው እኔ፣ የቤተክርስቲያን ድራማ ቡድን «ድምፅሽ ይጮኻል፣ ዝቅ አድርጊው» እያለ ዘላለም «ሕዝብ» ብቻ አድርጎ የሚመድበኝ እኔ፣ «አይ፣ አይ፣ ችግር የለም፤ በቂ ነው» አልኩ። ሳላስበው ነው፤ ሰው ያንን ያህል አስቦልኝ ሲጠይቀኝ አፌ የተማረው እሱን ነው። ከዚያም ፈገግ ብዬ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ። ስለ ሳንድዊች ተምሬያለሁ፤ ከሳንድዊች ውጭም እንደሚሠራ ግን አላሰብኩም። ነርሷ አመሰገነችኝ፣ መኪናዋን አስነሳች፣ ሄደች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ መጣ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሦስት ሦስት ሰዓት።

«ምን ብለሽ መለስሽላት?» አለች አክስቴ።

«በቂ ነው አልኳት።»

እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ሰው ፊት አፍሽን መሰብሰብ ያቃተሽ ልጅ፣ የምትግደረደሪው መንግሥት ላይ ነው?»

ኤጀንሲው ለቀሩት ቀናት ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የምንከባከበው ሌላ ሰው ሰጠኝ። ከአሥር ቀን በኋላ የስልኬን ቻርጀር እትዬ ቤት መርሳቴ ትዝ አለኝና ቀኔ ባይሆንም በምሳ ሰዓቴ ጎራ አልኩ። ባንኳኳ መልስ የለም። በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አገኘኋቸው። ውሃ የለውም። የቤት ካባቸውን እንደለበሱ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከቁርስ በኋላ ገብተው መውጣት አቅቷቸዋል፤ ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነው። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

«ሰው እስኪመጣ አሥራ ሁለተኛውን እየተለማመድኩ ነበር» አሉኝ።

ሳቅኩ። ከዚያ ፎጣ ላምጣ ብዬ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ።

መደበቅ አልቻልኩም፤ ለኤጀንሲው ተናገርኩ። በማግስቱ ሌላ ስቴት የሚኖረው ልጃቸው ደወለልኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሐሙስ ነርሷ ተመልሳ እንድታይ አስደርጓል፤ ሰዓቱ ከተመለሰ ጥሩ፣ ካልተመለሰ ግን እናቱን እሱ ከተማ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ይወስዳል፤ ክፍሉንም አይቶታል። «ሁለተኛ ገንዳ ውስጥ እንድትገኝ አልፈልግም» አለ። ምን ልበለው? እኔም አልፈልግም።

እትዬ ሲነግሩኝ ቀለል አድርገው ነው። «እዚያ ሪሞቱን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው» አሉ። ከዚያ ግን የኮሪደሩን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱት። በዚያች ቤት መብራት ሳያበሩ በእጃቸው ብቻ ነው የሚሄዱት፤ የትኛው በር ጋ ምን እንዳለ መዳፋቸው ያውቀዋል። ሌላ ቤት መዳፋቸው ምንም አያውቅም።

ስለዚህ ልምምድ ጀመርን። አሠልጣኟ እኔ። የፒዛ ካርቶን ከፍቼ ላፕቶፕ አደረግኩና ነርስ ሆንኩ።

«እትዬ፣ ምንም አይጨምሩ፤ ልክ እንደሆኑት ይሁኑ።»

«እንደሆንኩት ለመሆን ማንም ቀጥሮኝ አያውቅም።»

«ገላዎን ማን ያጥብዎታል?»

እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጣሉ፤ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ፤ ራሳቸው ወደ ወንበሩ መደገፊያ ቀስ እያለ ወደቀ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ጥሩ ነበር። እኔም ለአንድ ደቂቃ ደነገጥኩ።

«ይሄማ አምቡላንስ ያስጠራል! ዝቅ ያድርጉት!» አልኩ፤ የድራማ ቡድኑ ኃላፊ ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ዝቅ ሲያደርጉት ደግሞ ተነስተው የዳንስ እርምጃ አሳዩኝ። ወይ ይሞታሉ፣ ወይ ይደንሳሉ። መሃሉን ማግኘት አልቻልንም። ረቡዕ ማታ ስለያቸው እጄን ያዙ። «መሃል የሚባል ሚና ተሰጥቶኝ አያውቅም» አሉ። በዚህኛው አልቀለዱም።

ሐሙስ ለምሳቸው ገንፎ አገነፋሁ። ጥርሳቸውን አያስቸግርም፤ መሃሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤና ለእሳቸው የሚሆን ትንሽ በርበሬ ሳደርግበት «እሳተ ገሞራው መጣ» እያሉ ይወዱታል። ገና ሳላቀርበው ነርሷ ደረሰች። ያቺው ናት፣ በዚያው በደከመ ጫማዋ። ላፕቶፑ ተከፈተ፤ መብራቷ በራች።

እትዬ ሳሉ። አንደኛው ሳል ቀላል ነው። ሁለተኛው ከእግር ጥፍር የመጣ። ከዚያ ዓይናቸውን ቀስ ብለው ገለጡና ነርሷን «ማነሽ? እናቴ ነሽ?» አሏት።

ይሄ በልምምዱ ላይ አልነበረም! ነርሷ በፍጥነት መተየብ ጀመረች። «ይሄ መርሳት ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። ጣቶቿ ሲሮጡ እያየሁ የአረጋውያን መኖሪያው በር ሲከፈት ታየኝ። ካወራሁ እትዬን ውሸታም ማድረጌ ነው፤ ዝም ካልኩ ቤታቸው ሄደ። የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺ መብራት መጥፋት አለባት።

«ምሳ ብይ» አልኳት ነርሷን።

«አይ፣ አመሰግናለሁ።»

«ተሠርቷል። ትኩስ ነው።»

«ደንበኛ ቤት እንድንበላ አይፈቀድም፣ በጣም አመሰግናለሁ።»

ሁለት እምቢታ። በእኔ አገር ሒሳብ ልትበላ ነው። ሳህኑን አምጥቼ ላፕቶፑ አጠገብ፣ እንፋሎቱ ፊቷን እንዲነካት አድርጌ አስቀመጥኩ። አፌን ለሦስተኛው ስከፍት ቀደሙኝ። የምታጣጥረው ሴትዮ፣ እናቷን የምትፈልገው ሴትዮ፣ ተራው ሲደርስ እንደሚያውቅ ባለሙያ ቀና አሉና፣ ደረታቸውን ይዘው፣ መስኮቱ እስኪነዝር «በሞቴ!» አሉ።

ነርሷ ደነገጠች። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ወደ እትዬ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ወደ ገንፎው አየች። ከንፈሯ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም» አለች። «አምስት ደቂቃ።» ላፕቶፑን ከደነች።

መብራቷ ጠፋች። የእትዬ ትከሻም አብሮ ወረደ። ሳሉ ቆመ፣ ጭፈራውም አልመጣ፤ ምሳቸው የደረሰላቸው አንዲት ደካማ ሴትዮ ብቻ ቀሩ። ቀስ እያልን በላን። እትዬ ስለ ማቀዝቀዣው በር አወሩላት፤ ነርሷ ሳቀች። ከእኔ የለመዱት ነገር አለ፤ እንግዳ ሲመጣ ያጎርሳሉ። በማንኪያቸው ቅቤ የነካውን ጥሩውን በኩል ቆርሰው ወደ ነርሷ አፍ ዘረጉ። እጃቸው መንገድ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነርሷ አፏን ከፍታ ጠበቀች። ማንኪያው ቀረበ፣ ራቀ፣ ቀረበና ገንፎው ቀሚሷ ላይ ጠብ አለ።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ጨርቅ ላምጣ» አሉ። ጠረጴዛውን ተጭነው ለመነሳት ሞከሩ። አልሆነም። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ ሳያዩኝ፣ በየቀኑ እንደምናደርገው፣ ሁለት ክንዳቸውን እንደ ሕፃን ወደ እኔ አነሱ። እኔም እንደለመድኩት ብብታቸው ሥር ገባሁ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብዬ አነሳኋቸው፤ ክብደታቸውን ደረቴ ላይ ጥለው ሚዛናቸው እስኪመለስ ቆምን። እየጠበቅኩ የተዛነፈውን ቁልፋቸውን አስተካከልኩላቸው። ነርሷ ቀሚሷን አልጠረገችም። እኛን ታይ ነበር።

ምንም ሳትናገር ላፕቶፑን አንስታ ጉልበቷ ላይ፣ ከጠረጴዛው በታች ከፈተችው። መብራቷ ለእትዬ አልታየችም።

«አንቺን ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ሰዓቱ ይበቃል?»

«ችግር የለ...» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ገንፎው እንኳ እንደሱ አላነቀኝም።

«አይበቃም» አልኩ። «በየቀኑ ስድስት ሰዓት። ገንዳ ውስጥ የሚገቡት እኔ ስኖር ብቻ ነው። ካልሲ አያጠልቁም። የልብስ ቁልፍ አይቆልፉም። ባለፈው ያየሽው ሻይ ተአምር ነበር፤ ተአምር ደግሞ በየቀኑ አይደረግም።» ድምፄ ጮኸ መሰለኝ። ማንም ዝቅ አድርጊው አላለኝም።

ነርሷ ተየበች። ስትጨርስ ወደ እትዬ ዞረች። «የቅድሙን ሳል ልጻፈው ወይስ ልተወው?»

እትዬ አሰቡ። «ጥሩ ካልነበረ ተዪው።»

«በጣም ጥሩ ነበር» አለች ነርሷ። «ግን እተወዋለሁ።»

ከሄደች በኋላ እትዬ ተቆጡኝ። ምርጥ ሞታቸውን በገንፎ አቋረጥኩት፤ ገና ሦስተኛው ሳል ይቀር ነበር፤ ከዚያ እጃቸው ከወንበሩ ይንሸራተታል፣ እንዲያውም በዚህኛው ትንሿን ጣታቸውን ጨብጠው እንዳትነቃነቅ አድርገው ነበር። እኔም እናታቸውን ማን እንዲጨምሩ እንደነገራቸው ጠየቅኩ። ተኮራርፈን ሳህን አጠብን፤ ማለት እኔ አጠብኩ፣ እሳቸው ከወንበራቸው ሆነው አዘዙ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቱ መጣ። መነጽራቸውን አድርገው፣ እኔ እንዳላነብላቸው ከልክለው፣ ራሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። በየቀኑ ስድስት ሰዓት፤ ለስድስት ወር፤ ከዚያ እንደገና ይገመገማል። ጣታቸው «ለስድስት ወር» የሚለው ላይ ቆመች። ቆየች። እንዳልገባቸው ፈርቼ ላስረዳ ስል እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ። ስልኩን አንስተው ልጃቸው ጋ ደወሉ።

«እትዬ ነኝ» አሉት። «ክፍሉን ለሌላ ሰው ይስጡት። ታደስኩ።»

ስልኩን አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከንፈራቸው አልጠበቀም። ከዚያ ዘወር ሳይሉ አንዲት ሳል ሳሉ፤ ቀጭን፣ የተሰበረች፣ ከስድስት ወር በኋላ ለሚመጣው ግምገማ የምትሆን።

«ዝቅ ያድርጉት» አልኳቸው።